ሳይያዙ መያያዝ

ቅዳሜ ዕለት በጂንካ ገበያ መካከል የቆመ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ብዙ ነገር ማንበብ ይችላል። ጸጉሯን በቅቤና በቀይ አፈር አሽታ በቀጫጭኑ የገመደችው ሴት ከሐመር፣ ከበና ወይም ከበሻዳ መምጣቷ ከሩቅ ይታወቃል። በአንገቷ ላይ ከተደረደሩት የብረት ቀለበቶች ጋር ወደ ፊት ጉጥ ያወጣ ጌጥ ካለበት ደግሞ የመጀመሪያ ሚስት መሆኗን የአገሬው ሰው አይስተውም። የታችኛው ከንፈሯ ተበስቶ የተለጠጠው ሴት ሙርሲ ናት። ከደጋው እንሰትና ቡና ተሸክሞ የወረደው ገበሬ አሪ ነው፤ ከተማይቱም የተቆረቆረችው በእርሱ ምድር ላይ ነው። በዚህ ገበያ ጌጥ ውበት ከመሆኑ በፊት ቋንቋ ነው፤ «የማን ነሽ?» ለሚለው ጥያቄ፣ ጠያቂው አፉን ሳይከፍት የሚሰጥ መልስ ነው።

አሜሪካዊው ደራሲ ትሩማን ካፖቲ እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተመው «ቁርስ በቲፋኒ» የተሰኘ አጭር ልብ ወለድ ይኸው ጥያቄ መልስ ያጣባት የአንዲት ወጣት ታሪክ ነው። ዘመኑ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ቦታው ኒው ዮርክ ነው። ሆሊ ጎላይትሊ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልሞላትም። ጥቁር ቀሚሷ፣ ጥቁር መነጽሯና በአንገቷ ዙሪያ ያሰረችው ዕንቁ ሁሉም ሰው ዞር ብሎ እንዲያያት ያደርጋሉ፤ ነገር ግን ከየት እንደ መጣች፣ የማን ልጅ፣ የማን ሚስት እንደ ሆነች አንድም ቃል አይናገሩም። በጂንካ ገበያ ጌጥ ወገንን ይናገራል፤ በሆሊ አንገት ላይ ግን ወገንን ይሸፍናል። በስም ካርዷ ላይ እንኳ አድራሻ ሊጻፍ በሚገባው ቦታ የተጻፈው መንገደኛ መሆኗ ነው።

መንገዱ የተጀመረው ከቴክሳስ ገጠር ነው። እውነተኛ ስሟ ሉላሜ ባርንስ ሲሆን፣ እናትና አባቷን ያጣች፣ ከወንድሟ ከፍሬድ ጋር የሰው ዕንቁላል ስትሰርቅ የተያዘች ልጅ ነበረች። የያዛቸው ዶክ ጎላይትሊ የተባለ የፈረስ ሐኪም ነበር፤ ልጆች ያሉት፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ በዕድሜ አባቷ ሊሆን የሚችል ሰው። አበላቸው፤ አስጠጋቸው፤ እርሷንም ገና አሥራ አራት ዓመት ሳይሞላት አገባት። ዶክ ክፉ ሰው አይደለም። ደራሲው በክፋት አልሣለውም፤ የጽሑፉም ብርታት አንዱ እዚህ ላይ ነው። ዳቦ የሰጠ እጅ ባለቤት ለመሆንም መብት እንዳለው ሳይጠራጠር ያምናል፤ ይኸው ነው። አንድ ቀን ልጅቱ በእግሯ እየራቀች እየራቀች ሄደች፤ አልተመለሰችም። የገጠር ስሟን ጥላ የከተማ ስም ያዘች። አዲስ አበባ ውስጥ ከገጠር መጥተው በመጠጥ ቤት ደጃፍ አዲስ ስም የያዙትን ሴቶች የሚያውቅ አንባቢ ይህን ምዕራፍ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በኒው ዮርክ የሆሊ መተዳደሪያ መታየት ነው። ከእርሷ ጋር ወጥቶ መታየት የሚሻ ወንድ፣ ወደ መጸዳጃ ቤት ስትነሣ አምሳ ዶላር ይሰጣታል። በእስር ቤት የተቀመጠውን የወንበዴ አለቃ ሳሊ ቶማቶን ሐሙስ ሐሙስ ሄዳ በመጠየቋ መቶ ዶላር ይከፈላታል። በቤቷ ግብዣ ላይ የሚሰበሰቡት ወንዶች እያንዳንዳቸው ብቻቸውን የተጠሩ መስሏቸው መጥተው፣ ሌሎቹን ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል። የገበያ ግንኙነት ሁሉን ነገር ወደ ሸቀጥ በለወጠበት ኅብረተሰብ ውስጥ አንዲት ወላጅ አልባ ልጅ ለገበያ የምታቀርበው ፊቷን ብቻ ሆነ። የሚገርመው፣ በዚህ ሁሉ መካከል ምክንያቱን የማታውቀው ፍርሃት ሲይዛት የምትሸሸው ወደ ሰው አለመሆኑ ነው። ታክሲ ጠርታ ቲፋኒ ወደሚባለው ታላቅ የጌጣጌጥ መደብር ትሄዳለች። የምትሄደው ለመግዛት አይደለም፤ ጸጥታውና ኩራቱ ያረጋጓታል። እንደዚያ የሚያሳርፋት እውነተኛ ሥፍራ ብታገኝ ዕቃ ገዝታ ትቀመጥ ነበር፤ ለድመቷም ስም ታወጣ ነበር።

ድመቱ ስም የለውም። አንድ ቀን በወንዝ ዳር ተገናኙ፤ እርሷ የእርሱ፣ እርሱም የእርሷ አይደሉም፤ ስለዚህ ስም የማውጣት መብት የላትም። ይህ የልጅ ጨዋታ ሳይሆን የተጠና አቋም ነው። ስም የሚያወጣ ባለቤት ነው፤ ባለቤት የሚይዝ ነው፤ የሚይዝ ደግሞ በረት የሚሠራ ነው። ይህንኑ ያለች ሴት ግን ከላይ ፎቅ ለሚኖረው ደራሲ ጎረቤቷ የወንድሟን ስም ሰጥታ ፍሬድ እያለች ትጠራዋለች። ለድመቱ የነፈገችውን ለሰው ሰጠች። እውነተኛው ፍሬድ በጦር ግንባር መሞቱ የተነገራት ዕለት ክፍሏን ሰባብራ ስታበቃ፣ ጎረቤቷን ዳግመኛ በዚያ ስም አልጠራችውም። ካፖቲ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሶ ያልፈዋል፤ ነገር ግን ከመጽሐፉ ሁሉ ከባዱ ቦታ ይህ ሳይሆን አይቀርም። አንድ የዝምድና ስም ብቻ ነበራት፤ እርሱንም ቀበረችው።

እንግዲህ የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል፤ ሰው ሳይያዝ መያያዝ ይችላልን?

የአማርኛ ቋንቋ ለዚህ ጥያቄ ያዘጋጀው ወጥመድ አለው። «ባለቤት» ማለት የአንድ ነገር ጌታ ማለት ነው፤ «ባለቤቴ» የሚል ሰው ግን ስለ ትዳር ጓደኛው ይናገራል። ላሟም ባለቤት አላት፤ ሚስትም ባለቤት አላት፤ ባልም እንዲሁ። ይሁንና ይኸው ቋንቋ «ቤተኛ» የሚል ሌላ ቃል አለው። ቤተኛ የቤቱ ጌታ አይደለም፤ ሊሸጠው አይችልም፤ ሳያንኳኳ ይገባል፤ እንጀራ ሲጠፋ አይቀየምም፤ ሥራ ሲገኝም ሳይታዘዝ እጁን ያስገባል። ሆሊ የምትፈራው ባለቤትን ነው፤ የናፈቀችው ግን ቤተኛነትን ነው። ሁለቱን ለይታ የምታይበት ዓይን አልነበራትም፤ ያሳደጋት ዓለም አንዱን ብቻ አስተምሯታልና።

ወደ ደቡብ ኦሞ መመለስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የሐመር ወጣት ለትዳር ከመብቃቱ በፊት ጎን ለጎን በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ ራቁቱን መዝለልና ሳይወድቅ መመላለስ አለበት። በዚያው ዕለት እኅቶቹና የቅርብ ዘመዶቹ፣ ዘለው ገና ባላገቡት ማዝ በሚባሉት ወጣቶች እጅ ለመገረፍ ይሽቀዳደማሉ። የሚገረፉት ተገደው አይደለም፤ እምቢ ያለውን ገራፊ እየተከተሉ ይለምኑታል። በጀርባቸው ላይ የሚቀረው ጠባሳ የዕድሜ ልክ ማስረጃ ነው፤ ችግር ቢመጣ እኅት በዚያ ጠባሳ ወንድሟን ትጠይቀዋለች፤ እርሱም አላውቅሽም ሊላት አይችልም። ይህን የሚያነብ መምህር ፊቱን ቢያጨፈግግ አይፈረድበትም፤ የአለንጋ ቁስል በማንም ቋንቋ ቁስል ነው፤ የወንድም ዕዳ በእኅት ጀርባ ላይ ለምን ይጻፋል ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። ግን ያ ጠባሳ የሚናገረውን ማድመጥ ያስፈልጋል። መያያዝ ዋጋ አለው፤ ዋጋውም በገንዘብ የማይመለስ ዕዳ ነው፤ ዕዳው ባይኖር ዝምድናውም አይኖርም ነበር። ከኒው ዮርኩ አምሳ ዶላር ጋር ያለው ልዩነት ይኸው ነው። አምሳ ዶላር የሰጠ ሰው ሒሳቡን ዘግቶ ይሄዳል።

ለደም ዝምድና ብቻ የተተወም አይደለም። ሐመሮች በፈቃድ የሚገባ የወዳጅነት ቃል ኪዳን አላቸው፤ ወዳጁን ቤል ይሉታል። ቤል ከሌላ መንደር፣ አንዳንዴም ከሌላ ሕዝብ ሊሆን ይችላል። ከብት ይሰጣጣሉ፤ በእንግድነት ይቀባበላሉ፤ ያንዱ አገር ዝናብ ሲያጣ ከሌላው ዘንድ ይጠጋል። በአባት የተወረሰ በረት አይደለም፤ ሰው መርጦ የገባበት ነው፤ የገባበት ሰው ግን እንዳሻው አይወጣበትም። ሆሊ ልትገምተው ያልቻለችው ሦስተኛ መንገድ ይህ ይመስላል።

ይህን ሁሉ ተናግሮ ማቆም ግን ሐሰት ይሆናል። የከተማውን ብቸኝነት ለመውቀስ ሲባል የገጠሩን ማኅበር የገነት አምሳያ አድርጎ መሣል በብዕር ሰዎች ዘንድ የቆየ በሽታ ነው። በአሪዎች ዘንድ ብረት የሚቀጠቅጡትና ሸክላ የሚሠሩት ማና ይባላሉ። በቆየው ልማድ ገበሬው ከማና አይጋባም፤ በማዕዱም አይቀበለውም። የማና ሴት የሠራችው ድስት በጂንካ ገበያ ተሽጦ በገበሬው ምድጃ ላይ ይጣዳል፤ ሠሪዋ ግን ከዚያ ድስት አብራ አትበላም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የዘር ውርስ ጥናት ቀጥቃጮቹና ገበሬዎቹ ከአንድ ግንድ የተገኙ መሆናቸውን፣ የተለያዩትም ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ መሆኑን አሳይቷል። ሳይንስ የደረሰበትን ግን ማዕዱ ገና ሙሉ በሙሉ አልተቀበለውም። ከዚህ የከፋም አለ። በሐመር፣ በበናና በካሮ የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ወይም ከልማዱ ሥርዓት ውጪ የተፀነሰ ሕፃን ሚንጊ ተብሎ፣ በማኅበሩ ላይ መዓት እንዳያመጣ ይወገድ ነበር። ካሮዎች ይህን ልማድ እ.ኤ.አ. በ2012 በይፋ አቁመዋል፤ በጂንካም ከሞት የተረፉትን የሚያሳድግ ቤት ተቋቁሟል። የዚያ ቤት ልጆች «የማን ነህ?» ሲባሉ የሚመልሱት ለማኅበሩ የሚመች መልስ አይሆንም። ማኅበር ሲያቅፍ ክንዱ ይሞቃል፤ ያ ክንድ ግን አውጥቶ የመጣልም ኃይል አለው።

ስለዚህ ሆሊ ከዶክ በረት መሸሿ ስሕተት ነበር ማለት አይቻልም። አሥራ አራት ዓመት ያልሞላት ሚስት የመሄድ መብት አላት፤ ይህ በቴክሳስም በሐመርም እኩል እውነት ነው። ስሕተቷ ሌላ ቦታ ነው። ከአንድ ክፉ መያዝ የሸሸች ሴት መያያዝን ሁሉ መያዝ ነው ብላ ደመደመች። መጽሐፉም በዚህ መደምደሚያ አይስማማም። ሳሊ ቶማቶ በተጠረጠረበት ወንጀል ሆሊ ስትያዝ፣ በእርሱ ላይ ብትመሰክር ነገሩ ይቀልላት ነበር፤ ነገር ግን ወዳጅን አሳልፎ መስጠት አይሆንላትም። ሽማግሌው ወንበዴ ለመልካም ነገር አልተጠቀመባትም፤ እርሷ ግን ቤል እንደ ያዘ ሰው ታመነችለት። ሊያገባት ቃል የገባላት ብራዚላዊው ዲፕሎማት ሆሴ በበኩሉ፣ ለቤተሰቡ ስምና ለሥራው ፈርቶ ደብዳቤ ልኮ ጠፋ። ስም ያለው ሰው ስሙን ይዞ ሲሸሽ፣ ስሟን የቀየረችው ሴት በቃሏ ቆመች።

ከአገር ስትወጣ ድመቱን በማታውቀው ሠፈር ከመኪና አውርዳ ተወችው። ትንሽ ራቅ እንዳለች መኪናውን አስቁማ ወደ ኋላ ሮጠች። እርስ በርሳቸው የተገባቡ መሆናቸው የገባት ያን ጊዜ ነው። ድመቱ የለም። ጎረቤቷ እፈልገዋለሁ ብሎ ቃል ገባላት፤ ከብዙ ሳምንት በኋላም በአንድ ሙቀት ባለው ቤት መስኮት ላይ ተቀምጦ አየው። ያን ጊዜ ስም ሳይወጣለት አልቀረም ብሎ ያስባል። እርሷ ግን በደብዳቤ አድራሻዋን እንኳ በቅጡ ሳታሳውቅ ቀረች።

እ.ኤ.አ. በ1961 ብሌክ ኤድዋርድስ ያዘጋጀው ፊልም ይህን ፍጻሜ አልወደደውም። በፊልሙ ድመቱ በዝናብ ውስጥ ይገኛል፤ ወንዱና ሴቷም ይተቃቀፋሉ። ሆሊን ሆና የተጫወተችው ኦድሪ ሄፕበርን ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1988፣ በዩኒሴፍ ስም በመጀመሪያ ተልእኮዋ ወደ ኢትዮጵያ መጥታ መቀሌ በሚገኝ የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ በረኀብ ከተጎዱ ልጆች ጋር ፎቶግራፍ ተነሥታለች። ዓለም ፊቷን ስለሚያውቀው ልጆቹን አየ። መታየት አንዳንድ ጊዜ ለሌላው ሊሰጥ የሚችል ነገር መሆኑን ለማስታወስ ያህል ነው።

ፊልሙ ጨርሶ የጣለው ግን ሌላ ነገር ነው። መጽሐፉ የሚጀምረው በአፍሪካ ነው። ሆሊ ከጠፋች ከብዙ ዓመታት በኋላ የቀድሞ ጎረቤቷ ዩኒዮሺ የተባለው የመጽሔት ፎቶግራፍ አንሺ በአንድ የአፍሪካ መንደር ሲያልፍ፣ አንድ ሰው ከእንጨት የቀረጸውን የሴት ጭንቅላት ያያል፤ ፊቱ የሆሊ ነው። ከሁለት ነጮች ጋር በፈረስ መጥታ እንደ ነበር፣ ነጮቹ በንዳድ ሲታመሙ ከጠራቢው ጋር እንደ ሰነበተች፣ ከዚያም እንደ ሄደች ይነገረዋል። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ጆ ቤል ፎቶግራፎቹን ለተራኪው ያሳያል፤ የመጨረሻውን ወሬ ግን ማመን አይፈልግም።

የደቡብ ኦሞ አንባቢ እዚህ ገጽ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። በፎቶግራፉ ጀርባ የተጻፈው የመንደር ስም በካርታ ላይ የለም፤ የአገሩ ስም ተብሎ የሰፈረውም በእንግሊዝ ምሥራቅ የሚገኝ አውራጃ ነው። ሕዝቡ ደግሞ በአንዲት የላቲን ፊደል ብቻ ተጠቅሷል። ለጭንቅላቷ ሞዴል የሆነችው ሴት ሁለት ስም አላት፤ የቀረጸው ሰው ግን አንድም የለውም። ይህ ለኦሞ ሕዝቦች አዲስ ነገር አይደለም። ዳሰነቾች ገለብ፣ ኛንጋቶሞች ቡሜ ሲባሉ ኖረዋል፤ አካባቢውም በጋሞ ጎፋ ሥር ገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። ሙርሲዎች ራሳቸውን የሚጠሩት ሙን ብለው ነው። ሌላው ባወጣለት ስም የሚጠራ ሕዝብ የድመቱን ዕጣ ሳይሆን ከድመቱ የባሰውን ያውቃል፤ ድመቱ ቢያንስ ስም የሚያወጣለት ቤት እስኪያገኝ ድረስ ተጠብቆለታል።

ዩኒዮሺም ብቻውን አይደለም። የሙርሲ ሴት የከንፈር ሸክላዋን በራሷ ሥርዓት የምታደርገው ለባሏ ምግብ ስታቀርብ፣ ላም ስታልብ፣ በክብር ቀን ነው። ከጂንካ በመኪና የመጣ ጎብኚ ካሜራውን ሲያነሣ ደግሞ ያንኑ ሸክላ በሌላ ምክንያት ታደርገዋለች፤ በጥቂት ብር። ክፍያው በፎቶግራፍ ቁጥር ስለሆነ፣ ልማዳቸው ያልሆነውን ቀንድና ቅል ሳይቀር በራሳቸው ላይ የሚደረድሩ አሉ። ሙርሲዎችን ለዓሠርት ዓመታት ያጠናው እንግሊዛዊ ዴቪድ ተርተን ይህን የከንፈር ሸክላና የካሜራ ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ጽሑፍ መርምሮታል። ሸክላው አንድ ነው፤ ባንዱ ቀን የማን ሚስት እንደ ሆነች ይናገራል፤ በሌላው ቀን ስንት እንደምታወጣ። ይህች ሴት ከሆሊ ጋር ብትገናኝ አስተርጓሚ የሚያስፈልጋቸው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር።

እንጨት መቅረጽም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። የሐመርና የካሮ ወንድ በርኮታውን ይዞ ይዞራል፤ ቀን መቀመጫው፣ ሌሊት ትራሱ ነው። ከጂንካ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉት ኮንሶዎች ለሞተ ጀግና ከእንጨት ዋካ ያቆማሉ፤ በግራና በቀኙ ሚስቶቹንና የገደላቸውን ጠላቶች ያሰልፋሉ። ሐውልቱ የቆመው ብቻውን አይደለም፤ ከነዘመዱና ከነዕዳው ነው። አንዳንዶች ቃሉን «ዋጋ» ብለው ይጽፉታል፤ የአማርኛ ጆሮ በዚህ ቢደነግጥ እውነት አለው፤ ብዙዎቹ ዋካዎች ሌሊት እየተነቀሉ ለባዕድ ተሽጠዋልና፤ የተረፉትን ለመጠበቅም በካራት ሙዚየም ማቆም ግድ ሆኗል።

በካፖቲ መጽሐፍ ውስጥ ያለው የእንጨት ጭንቅላት ሚስት፣ ጠላት፣ ወገን አጠገቡ የለም። ቢሆንም ዩኒዮሺ ሊገዛው ሲጠይቅ ጠራቢው አይሸጥም ይላል። ፎቶግራፍ አንሺው ጨው ያቀርባል፤ ገንዘብ ይጨምራል፤ የእጅ ሰዓቱን ይፈታል፤ እንደ ገና ጨውና ገንዘብ ይደርባል። ሁሉም ነገር በተሸጠበት በዚያ መጽሐፍ ውስጥ፣ ስሙ ያልተጻፈው ሰው ያችን መንገደኛ ሴት ተመልሳ ትመጣለች ብሎ ይጠብቃት እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ አይነገርም። ዩኒዮሺ ሦስት ፎቶግራፍ አንሥቶ መንገዱን ቀጠለ፤ ጭንቅላቱም ከቀረጸው ሰው ጋር እዚያው ቀረ።